ገጽ 70 ላይ አጎቴ ገባ፦ ማደግ ስለማይፈልጉ ጓደኛሞች የጻፍኩት ኮሜዲ

ያልተኛ
ሰኞ ሌሊት

ሁለት ዓመት ሙሉ ስጽፍና ስሰርዝ የቆየሁት አንድ የፊልም ጽሑፍ አለኝ። ኮሜዲ ነው። ከጀርባው ምንም ድርጅት የለም፤ ካሜራው የጓደኛ ነው፣ ቤቱ የእኔ ነው፣ ተዋንያኑም ምግብ እስካቀረብኩላቸው ድረስ እንሠራልሃለን ያሉኝ ሰዎች ናቸው።

ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። አምስት ጓደኛሞች ሠላሳን አልፈዋል። ከተማሪነታቸው ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ በአንደኛው ቤት ይሰበሰባሉ። ይጠጣሉ፣ ይጨፍራሉ፣ አንድ ነገር ይሰብራሉ። ከታች የምትኖረው ጎረቤት መጥታ በር ትደበድባለች፤ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ ሙዚቃውን ለአምስት ደቂቃ ቀንሰው መልሰው ይለቁታል። ቅዳሜ የሚባል ቀን በሕይወታቸው የለም። ከዕለታት አንድ ቀን አንደኛው ላገባ ነው ይላል። ሌሎቹ አራቱ ዜናውን እንደ መርዶ ይቀበሉታል፤ ሠርጉን ለማሰናከል ሳይሆን ለማዘግየት (ልዩነቱ ለእነሱ ትልቅ ነው) የማይሸርቡት ሴራ የለም።

ጽሑፉን ለሰባት ሰዎች አስነበብኩ። ሰባቱም እስከ ገጽ 70 ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ገጽ 70 ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የቤቱ ባለቤት፣ በሠርጉ መሀል ብርጭቆውን አንሥቶ ይናገራል። ስለ ወጣትነት፣ ስለ ጊዜ፣ ስለ ኃላፊነት። ሁለት ገጽ ተኩል! አንደኛዋ አንባቢዬ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ «እዚህ ጋ አጎቴ ገባ» ብላ ጽፋለች። አምርሬ ሳቅሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አጣሁ። እውነቷን ነው። ሰባ ገጽ ሙሉ አብሬያቸው ስጨፍር ቆይቼ መጨረሻ ላይ ከረባት አስሬ መካሪ ሆኛለሁ።

እንዲህ ያለውን ታሪክ አጎት ሳያስገቡ እንዴት ይጨርሱታል? ንግግሩን ሳወጣው ደግሞ ፊልሙ «ጠጡ፣ ምንም አይደርስባችሁም» የሚል ይመስላል።


የኋላ ወንበር
ሰኞ ሌሊት

ይህ ነገር ከአንተ በፊት የገጠመው ሰው አለ፤ መውጫውንም አግኝቶለታል። ጣሊያናዊው ዳይሬክተር ፌዴሪኮ ፌሊኒ እ.ኤ.አ. በ1953 «ኢ ቪቴሎኒ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ርእሱ በጥሬው «ትልልቅ ጥጆች» ማለት ነው፤ ከዚህ የተሻለ ስም ለእነዚህ ሰዎች እስካሁን አልወጣላቸውም። በባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ አምስት ሥራ ፈቶች ከቤተሰብ ማዕድ እየበሉ፣ ማታ ማታ እየዞሩ፣ «አንድ ቀን እንሄዳለን» እያሉ ይኖራሉ።

መጨረሻው ላይ ከአምስቱ አንዱ፣ ሞራልዶ የሚባለው፣ ማንንም ሳይሰናበት በማለዳ ባቡር ይሳፈራል። በባቡር ጣቢያው የሚሠራ አንድ ትንሽ ልጅ «እዚህ አልተመቸህም ነበር?» ይለዋል። መልስ የለውም። ባቡሩ ሲነሣ ካሜራው ልክ እንደ ባቡሩ እየተንቀሳቀሰ በጓደኞቹ መኝታ ቤቶች ያልፋል። አንዱ ተኝቷል፣ ሌላውም ተኝቷል፣ ሌላውም። በቃ። ንግግር የለም፣ እንባ የለም። ሞራልዶ ትክክል ነው አላለም፤ የተኙትም የተሳሳቱ አይመስሉም፤ እንዲያውም አልጋቸው ያስቀናል።

ደግሞ ከአምስቱ ሌላው፣ አልቤርቶ፣ ያለበትን ትዕይንት ተመልከተው። በመኪና ሲያልፉ መንገድ የሚሠሩ ሠራተኞችን ያያል፤ ብቅ ብሎ «ሠራተኞች!» እያለ በአፉም በእጁም ይሳደባል። ጥቂት እንደ ሄዱ መኪናው ይቆማል። ሠራተኞቹ ሲመጡበት የሚሮጠውን ሩጫ ካየህ በኋላ ሥራ ስለ መፍታት ሁለት ገጽ ተኩል መጻፍ አያስፈልግህም።


ሰማያዊ ካልሲ
ሰኞ ሌሊት

አጎቱን አታስወጣው። ሠርግ ያለ አጎት ምኑን ሠርግ ሆነ።


ማይክ ያዢዋ
ማክሰኞ ጠዋት

በፊልም ቀረጻ ላይ የድምፅ ሠራተኛ ነኝ። ስለ መጨረሻው ሌሎች ይንገሩህ፤ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። በጽሑፍህ ውስጥ ስንት የድግስ ትዕይንት አለ?


ያልተኛ
ማክሰኞ ጠዋት

አሁን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።


ማይክ ያዢዋ
ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት

አሥራ አንድ! ወንድሜ፣ የተበደርከው ካሜራ ነው እንጂ የተበደርከው ሠራዊት አይደለም።

ድግስ በፊልም ላይ ሲታይ ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፤ ሰው ሰብስቦ ሙዚቃ መክፈት። እውነቱ ሌላ ነው። በቀረጻ ጊዜ ሙዚቃ አይከፈትም። ከተከፈተ ከንግግሩ ጋር አብሮ ይቀረጻል፤ ኋላ ንግግሩን ቆርጠህ ስታገጣጥም ዘፈኑም አብሮ ይቆራረጥና የተሰነጠቀ ሸክላ ይመስላል። ስለዚህ ዘፈኑ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፣ ሰዎቹ ምቱን ይይዙታል፣ ይዘጋል፤ ከዚያ ሠላሳ ሰው ጫማውን አውልቆ በፍጹም ጸጥታ ይዘላል። በሥራዬ ካየሁት ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል የሚያሳዝን አላየሁም። መሀል ላይ የቆሙት ሁለት ተዋንያን ደግሞ የሌለ ሙዚቃ እንደሚበልጣቸው አድርገው መጮኽ አለባቸው። ጀማሪዎች ይህን ይረሱታል፤ ሁሉም ጸጥ ባለበት እነሱም ያንሾካሹካሉ፤ ኋላ ሙዚቃው ሲጨመር ሰዎቹ በጆሮ ሳይሆን በመንፈስ የሚግባቡ ይመስላሉ።

ብርጭቆም አለ። አንዱን ትዕይንት ከአምስት አቅጣጫ ስትቀርጽ የእያንዳንዱ ሰው ብርጭቆ በየጊዜው ወደ ነበረበት ልክ መመለስ አለበት። ያለዚያ ሰውየው ሳይጠጣ ይጎድላል፣ ሲጠጣ ይሞላል። ውስጡ ያለው ሻይ ወይም የፖም ጭማቂ ነው። እውነተኛ መጠጥ ይሁን የሚልህ ተዋናይ ካለ አትስማው፤ ሰባተኛው ቅጂ ላይ የሚሆነውን አይቻለሁ።

ስካርን በተመለከተ ደግሞ፣ የሚንገዳገድ ተዋናይ አያሳምነኝም። የሰከረ ሰው ትልቁ ሥራው አለመስከሩን ማሳየት ነው። ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ለመክተት እንደ ቀዶ ጥገና ሐኪም ይጠነቀቃል፤ «ደኅና ነኝ» ሲል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣቸዋል። ሳቁ ያለው እዚያ ጥረት ውስጥ ነው።

ለእያንዳንዱ የታወቀ ዘፈን ሁለት ፈቃድ እንደሚያስፈልግህም አትርሳ፤ አንዱ ከዜማውና ከግጥሙ ባለመብት፣ ሌላው ከተቀረጸው ድምፅ ባለመብት። የታወቀውን ቅጂ ራሱን ልትጠቀም ከሆነ አንደኛው ብቻ አይበቃህም።

ስለዚህ ድግሱን ትተህ ጠዋቱን አሳየን። ጠዋት ርካሽ ነው። የፀሐይ ብርሃን አለ፣ ሙዚቃ የለም፣ አጃቢ ተዋንያን የሉም፤ ሶፋ ላይ ማንነቱ የማይታወቅ እግር አለ። ማታ ምን እንደ ተደረገ ከፍርስራሹ እንገምታለን፤ ግምታችን ደግሞ አንተ ልትቀርጸው ከምትችለው ሁሉ ይበልጣል። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኬቨን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1994 የታየውን «ክለርክስ» የተባለ ፊልም በ27,575 ዶላር ሲሠራ፣ ቀን ተቀጥሮ የሚሠራበትን ሱቅ ሌሊት ሌሊት ይቀርጽበት ነበር። ታሪኩ ግን የሚሆነው በቀን ነው። ውጪው ጨለማ መሆኑ እንዳይታይ ምን አደረገ? የመስኮቱ መዝጊያ ቁልፍ ውስጥ አንድ ሰው ማስቲካ ስለ ከተተበት መዝጊያው አልከፈት አለ ብሎ ጽሑፉ ውስጥ አስገባ። ድህነቱ ራሱ ቀልድ ሆነለት። አንተስ ድህነትህን ምን አደረግህበት?


ያልተኛ
ማክሰኞ ማታ

እስካሁን ደብቄው ነበር። ሦስቱን ድግስ ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ወደ ጠዋት ልቀይራቸው ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያውን ቀይሬ ሳነበው ከበፊቱ ይልቅ እኔን ራሴን አሳቀኝ፤ አራት ሰዎች አንድ የበር እጀታ ከየት እንደ መጣ ሊያስታውሱ ሲሞክሩ። በቤቱ ያሉት በሮች በሙሉ እጀታቸው አለ።


ሦስት ዓመት ከሰባት ወር
ማክሰኞ ሌሊት

አንብቤ ዝም ልል ነበር። ስሜን ያየ ሰው ከምን ጀምሬ እንደምቆጥር ይገባዋል።

ከአምስቱ መካከል ከሁሉም በላይ የሚያስቀው አንድ ሰው እንዳለ እገምታለሁ። ሁልጊዜ አለ። በመስኮት ለመውጣት ሞክሮ መሀል ላይ የሚቀረው፣ ጠዋት በማያውቀው ሰው ጫማ ወደ ቤቱ የሚሄደው። እኔ በእኛ ቡድን ውስጥ እሱ ነበርኩ። ስለ እኔ የሚወሩ ዐሥር ያህል ታሪኮች አሉ፤ አንድም ቃል ሳይጎድል በየድግሱ የሚደገሙ። አንዳቸውንም አላስታውስም። የማውቃቸው ሲወሩ ሰምቼ ነው። ሌሎቹ ሲስቁ እኔም እስቅ ነበር፤ አንዳንዴም «ከዚያስ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።

መጠጥ ሳቆም ማንም አላባረረኝም። የተጣላኝም የለም። ለጥቂት ጊዜ ይደውሉ ነበር፤ መጥቼም ውኃ ይዤ እቀመጥ ነበር፤ ውኃው ሁሉንም እንደሚረብሽ አይ ነበር። ከዚያ አንድ ዓርብ አልደወሉም። ቀኑን ብቻ አልነገሩኝም፣ ሌላ ምንም አልሆነም። በፊልሞቹ ውስጥ ግን ጓደኝነት ሲያልቅ በዝናብ ውስጥ ይጯጯኻሉ።

ያንን የሚያስቀውን ሰው አደራ፤ አትግደለው፣ ተአምር ሠርተህም አታድነው። የዴንማርኩ ዳይሬክተር ቶማስ ቪንተርቤርግ እ.ኤ.አ. በ2020 «ድሩክ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ከአራት ጠጪ መምህራን አንዱን ቀብሮታል፤ ቀላል አልነበረም፣ እሱ ግን ቻለበት። በመጨረሻው ትዕይንት ከመምህራኑ አንዱን የሚጫወተው ማድስ ሚኬልሰን ከቀብር መልስ በተመራቂዎች መሀል ይጨፍራል፤ ወደ ባሕሩ ሲዘል ምስሉ አየር ላይ እንዳለ ይቆማል። ደስታ ይሁን ውድቀት አልነገረንም። ሦስት ጊዜ አይቼው ሦስቴም የተለየ መልስ ሰጥቻለሁ። አንተ ግን የምትሠራው ቀለል ያለ ኮሜዲ ነው፤ ሬሳ አይችልም።


የኋላ ወንበር
ረቡዕ ጠዋት

ለተጓዝከው መንገድ ባርኔጣዬን አነሣለሁ። ነገር ግን ኮሜዲ ሐኪም ቤት አይደለም። ሰው ጫማ ተቀይሮበት ሲሄድ ልስቅ የመጣሁ ሰው ስለ ጉበቱ እንዳስብ ከተገደድኩ ትኬቴን እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ። ሁሉም ሰካራም በሽተኛ ነው ካልን የኮሜዲ ታሪክ ግማሹ ተዘጋ።


ሦስት ዓመት ከሰባት ወር
ረቡዕ ጠዋት

ሐኪም ቤት ይሁን አላልኩም። እኔም ጫማውን ሳስበው እስቃለሁ፤ ሁለቱም የግራ ነበሩ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለሁለት ሰከንድ፣ ታሪኩ ሲወራ የታሪኩ ባለቤት የሚስቅበትን ፊት ካሜራው ይየው ነው የምለው። አስታውሶ የሚስቅና ሰምቶ የሚስቅ ሰው አንድ ዓይነት ፊት የላቸውም። ያየ ያያል፣ ያላየ ይሳቅ።


የኋላ ወንበር
ረቡዕ ጠዋት

ሁለት ሰከንዱን ተቀብያለሁ። ሁለቱም የግራ መሆናቸውን ግን መጀመሪያ ልትነግረን ይገባ ነበር።

ስለ ሬሳው ካነሣህ አይቀር፣ ከላይ የተጠቀሰው «ክለርክስ» መጀመሪያ ሲታይ መጨረሻው ላይ ሌባ ገብቶ የሱቁን ሠራተኛ ይገድለው ነበር። ዘጠና ደቂቃ ያህል ስለ ምንም ሲያወሩ ቆይተው ጥይት! ፊልሙን ቀድመው ያዩ ሰዎች «ይህን ቁረጠው» አሉት፤ ቆረጠው። አሁን የሚያልቀው ሱቁ ሲዘጋ ነው። አየህ፣ አጎት ብቻ አይደለም የሚገባው፤ አንዳንዴ ሽጉጥም ይገባል። ሁለቱም የሚመጡት ጸሐፊው እስካሁን ያሳቀው ነገር ብቻውን እንደማይበቃ ሲፈራ ነው።


እማማ ሲኒማ
ረቡዕ ከሰዓት

ልጆች፣ ሁላችሁም ስለ መጨረሻው ትናገራላችሁ። እኔ ስለ ቅዳሜ ጠዋት ልጠይቅ። ቤቱን የሚያጸዳው ማን ነው? አሥራ አንድ ድግስ ብለሃል፤ መጥረጊያ የያዘ ሰው ግን በታሪክህ ውስጥ አልሰማሁም። አምስት ሰው በየሳምንቱ አንድ ነገር የሚሰብር ከሆነ አንዱ የሚለቅም አለ። ያ ሰው ከሌሎቹ ቀድሞ እንደሚደክመው ልንገርህ፤ እኔ በዘመኔ የምለቅመው ነበርኩና።

ሌላም አለኝ። የሚያገባውን ልጅ ነገርከን፤ የምታገባውን ግን አልነገርከንም። ሥራዋ ምንድን ነው? ምን ያስቃታል?


ያልተኛ
ረቡዕ ከሰዓት

እማማ፣ እርስዎ እንደ ጠየቁኝ ከፍቼ ቆጠርኩ። ሙሽራዋ 14 ጊዜ ትናገራለች፤ ስምንቱ «መቼ ነው የምትመጣው?» የሚል ነው። ሥራዋን አልጻፍኩም። የሚያጸዳ ሰውም የለም፤ ትዕይንቱ ሲቀየር ቤቱ በራሱ ንጹሕ ይሆናል።


እማማ ሲኒማ
ረቡዕ ማታ

እንግዲያው አጎትህ ሁለት ነው። አንዱ ከረባት ያሰረው፣ ሌላው ቀሚስ የለበሰው።

ይህ ያንተ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ፊልም የቆየ በሽታ ነው። ወንዶቹ ይጫወታሉ፤ ሴቷ ሰዓት ይዛ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። ተመልካቹ እሷን ይጠላታል፤ መጨረሻ ላይ ግን «እሷ ነበረች ልክ» ይባልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሴት መሆን እንዲህ አሰልቺ ሥራ ነው እንዴ? እኛም እኮ አድረን ጨፍረናል።

የኖኣ ባምባክን «ፍራንሲስ ሃ» ካላየኸው እየው፤ እ.ኤ.አ. የ2012 ፊልም ነው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ፎቶግራፍ ማንሻ በሆነች ትንሽ ካሜራ የተቀረጸ። ጽሑፉን ከዋናዋ ተዋናይት ከግሬታ ገርዊግ ጋር አብረው ነው የጻፉት። የ27 ዓመት ዳንሰኛ ናት፤ አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ቤት ልትቀይር ነው፤ ዓለም የፈረሰባት እዚያ ላይ ነው። ፍቅረኛ አይደለም የተለያት፣ ጓደኛ ነው። መጨረሻ ላይ የራሷን ቤት ታገኝና ስሟን በወረቀት ጽፋ የፖስታ ሣጥኑ ላይ ልትሰካ ትሞክራለች፤ ስሟ ይረዝማል፣ ቦታው ያጥራል። ወረቀቱን ታጥፈዋለች። የቀረው «ፍራንሲስ ሃ» ነው። የፊልሙ ርእስ ከየት እንደ መጣ ገና ያኔ ይገባሃል። ያቺን ወረቀት ያጠፈች እጅ ሳይ ቤት ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።


ተማሪ ለዘላለም
ረቡዕ ማታ

ነገሩ በጥናትም የታየ ነው። ጄፍሪ አርኔት የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ጽሑፍ ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለውን ዕድሜ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አድርጎ አቅርቦታል፤ ጉርምስናም ሙሉ ዐዋቂነትም ያልሆነ። አለመርጋት፣ ራስን መፈለግ፣ «መሀል ላይ ነኝ» የሚል ስሜት ይገኝበታል። ገጸ ባሕርያትህ ሰነፎች ሳይሆኑ መሀል ላይ ያሉ ናቸው ልትል ትችላለህ።


የኋላ ወንበር
ረቡዕ ማታ

ሠላሳን አልፈዋል ብሏል። መሀሉ ከአምስት ዓመት በላይ ረዘመ?


ተማሪ ለዘላለም
ረቡዕ ማታ

እኔ 36 ነኝ፤ መልሱን ከእኔ አትጠብቅ።


ሰማያዊ ካልሲ
ሐሙስ ጠዋት

አጎቱስ?


ያልተኛ
እሑድ ማታ

አራት ቀን ጠፋሁ፤ ስጽፍ ነበር። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የተቀየረችው ሙሽራዋ ናት። የእማማ ጥያቄ አላስተኛ ብሎኝ ምን እንደሚያስቃት ለማሰብ ተቀመጥኩ፤ ዓርብ ማታ የሚሆነው ነገር ያስቃታል የሚል መልስ መጣልኝ። እሷ ዓርብን ትወደዋለች! ከአምስቱም በተሻለ ትጨፍራለች። የደከመው ሙሽራው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደክሞታል፣ እንቅልፉ ይመጣል፣ ወገቡን ያመዋል፤ ይህን ለጓደኞቹ መናገር ግን ከሞት ይከብደዋል። ስለዚህ «እሷ አትወድም» ይላል። በቀረ ቁጥር «እሷ ከለከለችኝ»፣ ቀድሞ በወጣ ቁጥር «እሷ ትጠብቀኛለች»። አራቱ ሴራቸውን ሁሉ የሚሸርቡት በእሷ ላይ ነው። ገጽ 50 ላይ ሳይታሰብ ዓርብ ማታ ብቅ ትላለች፤ ሁሉም እንደ ፖሊስ አይተው ሙዚቃውን ያጠፉታል። እሷ መሀል ላይ ቆማ ራሷን አጎት ሆና ታገኘዋለች። ይህን ትዕይንት እስካሁን በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ እወደዋለሁ። የሠርጉ ንግግርም ጠፋ፤ ምክንያቱም ሙሽራው ውሸቱ ስለ ተነቃበት ሠርጉ ላይ ማንም ስለ ኃላፊነት ለመናገር ፊት የለውም።

ጓደኛዬ ሦስት ዓመት ከሰባት ወር፣ «ቀኑን ብቻ አልነገሩኝም» ያልከውን ሰርቄሃለሁ። ከመጻፌ በፊት ልጠይቅህ ይገባ ነበር። ካልፈቀድክ አወጣዋለሁ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ከሠርጉ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ዓርብ። የቤቱ ባለቤት አምስት ብርጭቆ ያዘጋጃል። መልእክቶች ይመጣሉ፤ አንዱ ልጁ አተኮሰበት፣ አንዱ ነገ ጠዋት ሥራ አለበት፣ ሙሽራው «እሷ…» ብሎ ይጀምርና ይሰርዘዋል፤ «ደክሞኛል» ብሎ ይልካል። ሁሉም «በሚቀጥለው ዓርብ» ይላሉ፤ ሁሉም የምራቸውን ነው። የሚመጣው ያ የሚያስቀው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ገና እኩለ ሌሊት ሳይሆን ሶፋው ላይ ይተኛል። ጫማውን ባለቤቱ ያወልቅለታል። ሙዚቃ የለም። ሰውየው የተሰበረ ነገር ባይኖርም ከልምድ የተነሣ መጥረጊያውን ያነሣል (እማማ፣ የሚለቅመው እሱ ነው፤ ከገጽ አንድ ጀምሮ እንዲለቅም አድርጌዋለሁ)።

በር ይደበደባል። ከታች የምትኖረው ጎረቤት ናት፣ እንደ ሁልጊዜው በሌሊት ልብሷ።

«ምነው ደኅና ናችሁ?» ትላለች። «ምንም ድምፅ አልሰማ ብዬ ነው።»

እዚያ ላይ ቆረጥኩት። ገጽ 84።


የኋላ ወንበር
እሑድ ማታ

ከወንበሬ ወደቅሁ፤ የኋላ ነው፣ ማንም አላየኝም። አንድ ቅሬታ ብቻ አለኝ። «ሁሉም የምራቸውን ነው» የሚለውን እንዴት ልታሳየው ነው? ወረቀት ላይ ያምራል፤ ስልክ ላይ የሚነበብ መልእክት ግን ፊት የለውም።


ያልተኛ
እሑድ ማታ

ልክ ነህ። እያንዳንዱን ላኪ በያለበት ለአንድ አፍታ ላሳይ አስቤያለሁ፤ አንዱ ትኩሳት መለኪያ ይዞ፣ አንዱ ልብስ እየተኮሰ። ያንተን የተኙ ጓደኛሞች አስታውሼ ነው።


ሦስት ዓመት ከሰባት ወር
እሑድ ሌሊት

ውሰደው። ፈቅጃለሁ። ያ ሰው ግን ሶፋው ላይ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጊዜ «ሌሎቹስ?» ይበል። እኔ ብሆን እል ነበር።


እማማ ሲኒማ
ሰኞ ጠዋት

ጎረቤቷ ስም አላት?


ያልተኛ
ሰኞ ጠዋት

ጽሑፉ ላይ «ጎረቤት» ነው የሚለው።


እማማ ሲኒማ
ሰኞ ጠዋት

ስም ስጣት። የፊልምህን የመጨረሻ ቃል የምትናገር ሴት ናት። እሷን የምትጫወተውን ተዋናይም በደንብ ምረጥ፤ ያችን አንዲት መስመር በቁጣ ካለቻት ተበላሸ፣ በርኅራኄም ካለቻት ተበላሸ። እንቅልፍ እንደ ጠፋባት ሰው ትበለው።


ማይክ ያዢዋ
ሰኞ ከሰዓት

መጨረሻህ በጸጥታ ላይ ከቆመ አሁን የእኔ ሥራ ሆነ። ጸጥታ ማለት ድምፅ መዝጋት አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ድምፅ ሲኒማ ቤት ውስጥ መሣሪያው የተበላሸ ያስመስላል። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጸጥታ አለው፤ ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ፣ ከሩቅ የሚያልፍ መኪና። ስለዚህ ቀረጻው ሲያልቅ ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ዕቃ ሳይነሣ፣ ያንን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ያህል እቀዳዋለሁ። በዚያ ጊዜ ተዋንያኑም ሠራተኞቹም ባሉበት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ማንም አይተነፍስም ማለት ይቻላል። አንዱ ብርጭቆ እንደ ያዘ ይቀራል፣ አንዷ ጫማዋን በአንድ እጇ አንጠልጥላ።

የቀረጻውን ቀን ስትወስን ንገረኝ። ዓርብ አታድርገው፤ ዓርብ አይመቸኝም።


ሰማያዊ ካልሲ
ሰኞ ማታ

አጎቱን በአጃቢነት አስገባው። ይጨፍር።